ቶማስ ቦድሊ እና የመጻሕፍት ምርጫ፦ የኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት መሥራች ሕይወት ከግዥ ታሪክ አንጻር

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ መጻሕፍቱ የትኛውን መጽሐፍ ገዝቶ የትኛውን መተው እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? ገንዘብ ሰጪው፣ መደርደሪያውን የሚጠብቀው ባለሙያ፣ መጽሐፉን የሚሻው ተመራማሪና መጽሐፉን የሚያሳትመው ነጋዴ በምርጫው ላይ የየራሳቸው ድምፅ እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው ሰር ቶማስ ቦድሊ (1545–1613) የሕይወቱን የመጨረሻ 15 ዓመታት ያሳለፈው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገል ነው።

የቦድሊ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የአንድ ለጋስ ሰው ታሪክ ተደርጎ ነው። ለቤተ መጻሕፍት ጥናት የሚሰጠው ትምህርት ግን ከልግስናው ያለፈ ነው። ቦድሊ በመጻሕፍት መራጭነቱ ብዙ ጊዜ አርቆ ያየ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በእጅጉ የተሳሳተ ሰው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ለዘመናት ያጸናው የግል ምርጫው ብቻ አልነበረም፤ እሱ ራሱ የማይመርጣቸው መጻሕፍት ጭምር ወደ መደርደሪያው የሚገቡባቸውን መንገዶች በመክፈቱም ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወቱን ሂደት ከዚህ አንጻር ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስደትና ትምህርት

ቶማስ ቦድሊ የተወለደው ማርች 2 ቀን 1545 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በኤክሰተር ከተማ ነው። አባቱ ጆን ቦድሊ ባለጸጋ ነጋዴና ጽኑ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነበር። በ1553 ንግሥት ሜሪ ነግሣ አገሪቱን ወደ ካቶሊክ እምነት ስትመልስ፣ የቦድሊ ቤተሰብ እንደ ብዙዎቹ የእምነት አጋሮቹ አገሩን ለቅቆ ተሰደደ። በመጀመሪያ በጀርመን ከተሞች ከቆየ በኋላ በ1557 ወደ ጄኔቫ ዘለቀ።

በዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረው ቶማስ በጄኔቫ ዕብራይስጥና ግሪክኛ ተማረ፤ የዦን ካልቪንንና የቴዎዶር ቤዛን የሥነ መለኮት ትምህርትም ተከታተለ። አባቱ ደግሞ የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ በመባል የሚታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1560 እንዲታተም ከደከሙት ስደተኞች አንዱ ነበር። ልጁ መጽሐፍን ያወቀው ሰዎች ለእሱ ሲሉ አገራቸውን የሚተዉበትና ሀብታቸውን የሚያፈስሱበት ነገር ሆኖ ነው። ለምሥራቅ ቋንቋዎች የነበረው ፍቅርም ከዚህ ዘመን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1558 ዙፋኑን ስትይዝ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ቶማስም በኦክስፎርድ ማግደለን ኮሌጅ ገባ። በ1563 የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ በሜርተን ኮሌጅ የመምህራኑን ማኅበር ተቀላቀለ፤ በዚያም ግሪክኛ አስተማረ። በ1566 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በኋላም በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ልዩ ልዩ ኃላፊነቶችን ያዘ። በ1576 ግን የአውሮፓን ቋንቋዎችና የመንግሥታትን ጉዳይ ለማወቅ በማሰብ ከኦክስፎርድ ወጥቶ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በጀርመን አራት ዓመት ያህል ተዘዋወረ።

ከዲፕሎማሲ ወደ መጻሕፍት

ከጉዞው ሲመለስ በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ገባ። በ1585 ወደ ዴንማርክና ወደ ጀርመን መሳፍንት፣ በ1588 ደግሞ በምሥጢር ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ወደ ሄንሪ ሦስተኛ ተላከ። ከዚያም እስከ 1597 ድረስ በሄግ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በኔዘርላንድስ የመንግሥት ምክር ቤት ተቀመጠ። በእነዚህ ዓመታት ያገኘው የቋንቋ ችሎታና በየአገሩ ያፈራቸው ወዳጆች ኋላ ላይ የመጻሕፍት ግዥው ዋና መሣሪያዎች ሆነዋል። አን የተባለችው ባለቤቱ በቀድሞ ባሏ በዓሣ ንግድ የተገኘ ከፍ ያለ ሀብት የወረሰች መበለት ስለነበረች፣ የገንዘብ አቅሙም በዚሁ ዘመን ተጠናከረ። ልጅ ግን አልወለዱም።

ቦድሊ ከሄግ የተመለሰው ከፍ ያለ የመንግሥት ሹመት በተስፋ ሲጠባበቅ ነበር። ሆኖም በቤተ መንግሥቱ የኤሴክስ መስፍንና የሲሲል ቤተሰብ የከረረ ፉክክር ላይ ነበሩ። መስፍኑ ቦድሊን ከመጠን በላይ ባመሰገነ መጠን የሲሲል ወገን ፊቱን አዞረበት። ሹመቱ በሁለት ኃያላን መካከል ሲጎተት የሰለቸው ቦድሊ ከመንግሥት ሥራ ፈጽሞ ለመውጣት ወሰነ። በ1609 በጻፈውና ከሞተ በኋላ በ1647 በታተመው አጭር የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስረዳው፣ ቀሪ ዘመኑን የኦክስፎርድን ቤተ መጻሕፍት ለማደስ ሲያስብ አራት ነገሮች እንደተሟሉለት ተገንዝቦ ነበር፤ እነሱም ዕውቀት፣ ገንዘብ፣ ወዳጆችና ትርፍ ጊዜ ናቸው።

ባዶው አዳራሽ

ሊታደስ የታሰበው ቤት የተከበረ ታሪክ ነበረው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሎስተሩ መስፍን ሀምፍሪ ለዩኒቨርሲቲው ከ280 በላይ የብራና መጻሕፍት ስለሰጠ፣ ለእነሱ ማኖሪያ ከሥነ መለኮት ትምህርት ቤቱ በላይ ሰፊ አዳራሽ ተሠርቶ በ1488 ተከፍቶ ነበር። በ1550 ግን በኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን የተነሡት የሃይማኖት ተሐድሶ ሰዎች የካቶሊክ እምነት ርዝራዥ ያሏቸውን መጻሕፍት ከአዳራሹ አወጡ። በ1556 ዩኒቨርሲቲው የማንበቢያ ጠረጴዛዎቹን ሳይቀር ሸጠ። ወጣቱ ቦድሊ በኦክስፎርድ በተማረበትና ባስተማረበት ዘመን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው የጋራ ቤተ መጻሕፍት አልነበረውም። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ጥቂት መጻሕፍት ይዞ ይኖር ነበር።

የአዳራሹ ባዶነት ከግዥና ከምርጫ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። መጻሕፍቱን ያጠፋቸው እሳት ወይም ጦርነት አልነበረም፤ የትኛው መጽሐፍ መኖር እንደሚገባው ለመወሰን ሥልጣን ያገኙ ሰዎች ፍርድ ነበር። ፍርዱን ያስፈጸሙት ደግሞ የቦድሊ የእምነት ወገኖች ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1598 ቦድሊ ለዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ደብዳቤ ጽፎ አዳራሹን በራሱ ወጪ እንደሚያድስ፣ መደርደሪያዎችና መቀመጫዎች እንደሚያሠራ፣ መጻሕፍትም እንደሚያሰባስብ አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲው ጥያቄውን በደስታ ተቀበለ። ቤቱም ኖቬምበር 8 ቀን 1602 ሁለት ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዞ ተከፈተ።

ስጦታና ግዥ

ቦድሊ ብቻውን ከፍሎ መደርደሪያውን መሙላት እንደማይችል ያውቅ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ያዘጋጀው የለጋሾችን መዝገብ ነው። በትልቅ ብራና ላይ የተዘጋጀው ይህ መዝገብ የለጋሹን ስም ከሰጠው መጽሐፍ ወይም በገንዘቡ ከተገዛው መጽሐፍ ጋር እየያዘ፣ ጎብኚ ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ ተቀመጠ። ባለጸጎችና መኳንንት ስማቸው በዚያ እንዲጻፍ መሻታቸው ብዙ ገንዘብና መጽሐፍ አስገኘ። ቦድሊ ከመጽሐፍ ይልቅ ገንዘብ ቢሰጠው ይመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም በገንዘቡ የሚገዛውን ራሱ መምረጥ ስለሚችል፣ የተደጋገሙ ቅጂዎችም አይበዙበትም።

ከስጦታዎቹ ሁሉ ምንጫቸው ንጹሕ አልነበረም። የኤሴክስ መስፍን በ1596 የፖርቱጋልን የፋሮ ከተማ ባጠቃበት ወቅት ከጳጳሱ ቤት የተወሰዱ መጻሕፍት ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ገብተዋል። በጦር ምርኮ የተገኘ መጽሐፍ በክብር መዝገብ ላይ እንደ ስጦታ መስፈሩ፣ የመጻሕፍት አመጣጥ ታሪክ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።

ለግዥው ቦድሊ የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎችን በወኪልነት አሰማራ። ከእነሱ ዋነኛው ጆን ቢል ሲሆን፣ በጣሊያን ከተሞች ከተዘዋወረ በኋላ እስከ ስፔን ሴቪሊያ ድረስ ዘልቋል። በየዓመቱ በፍራንክፈርት የሚካሄደው የመጻሕፍት ገበያ ዝርዝርም አዲስ የወጣውን ለማወቅና የጎደለውን ለይቶ ለማዘዝ ያገለግል ነበር። ቤቱ የተከፋፈለው እንደ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍሎች በሥነ መለኮት፣ በሕግ፣ በሕክምናና በልዩ ልዩ ጥበባት ነው። ከመጻሕፍቱ አብዛኞቹ በላቲን የተጻፉ ነበሩ፤ በዘመኑ የአውሮፓ ምሁራን የሚነጋገሩት በዚሁ ቋንቋ ነበርና።

ቦድሊ በጣም አርቆ ያየው በምሥራቅ ቋንቋዎች መጻሕፍት ግዥ ላይ ነው። በሶርያ ሐለብ ይኖር የነበረው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቆንስል ፖል ፒንደር በሱርስጥ፣ በዐረብኛ፣ በቱርክኛና በፋርስኛ የተጻፉ መጻሕፍት እንዲፈልግለት ጠይቆት ነበር፤ ፒንደርም በ1611 ሃያ የእጅ ጽሑፎችን ለቤተ መጻሕፍቱ አበረከተ። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው የቻይንኛ መጻሕፍት ጉዳይ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት የቻይንኛ ጽሑፎች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲገቡ በኦክስፎርድ አንድም ቻይንኛ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ የትኛው ገጽ መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ እንኳ የሚለይ አልተገኘም። ይህ ግዥ አንባቢው ገና ላልተወለደ መጽሐፍ የተከፈለ ዋጋ ነበር።

መሥራቹና ዐቃቤ መጻሕፍቱ

የመጀመሪያው ዐቃቤ መጻሕፍት ሆኖ የተመረጠው የኒው ኮሌጅ መምህር ቶማስ ጄምስ ነው። ጄምስ በ1600 በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ኮሌጆች የሚገኙትን የእጅ ጽሑፎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳትሞ ስለነበር፣ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ በማወቅ ረገድ እሱን የሚስተካከል ሰው በአገሩ አልነበረም። የቦድሊ ሕግ ዐቃቤ መጻሕፍቱ ሚስት እንዳያገባ ይከለክል ነበር፤ የቤት ጣጣ ከሥራው ያዘናጋዋል ብሎ ስለሚያምን ነው። ጄምስ ግን ለማግባት ቆርጦ ተነሣ፤ ቦድሊም ሳይወድ በግድ ፈቀደለት። ሕጉን ያወጣው ሰው ሕጉን ለሠራተኛው ሲል ማላላቱ፣ የጄምስን ዕውቀት ምን ያህል እንደሚፈልገው ያሳያል።

ቦድሊ አብዛኛውን ጊዜ በለንደን ይኖር ስለነበር ሁለቱ የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። በ1926 በመጽሐፍ መልክ የታተሙት የቦድሊ ደብዳቤዎች የአንድን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የዕለት ተዕለት ግዥ በዝርዝር ከሚያሳዩ ጥንታዊ ሰነዶች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። የጄምስ ሐሳቦች በአብዛኛው የሚታወቁት ከቦድሊ መልሶች ነው። ጄምስ የሚጎድሉትን መጻሕፍት እየዘረዘረ ይልካል፤ ቦድሊ አንዳንዱን ይቀበላል፣ አንዳንዱን ያዘገያል፣ አንዳንዱን ደግሞ ቀድሞ በሌላ እትም መገዛቱን አስታውሶ ይመልሳል። የማሰሪያው ቆዳ፣ የሰንሰለቱ ርዝመትና የካታሎጉ አጻጻፍ ሳይቀር የሁለቱ መነጋገሪያ ነበሩ።

ይህ የደብዳቤ ልውውጥ በ1605 ለታተመው ካታሎግ መሠረት ሆነ። የአንድ ተቋም ቤተ መጻሕፍት በሙሉ በታተመ ካታሎግ ለሕዝብ ሲቀርብ በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ካታሎጉ ያለውን ከማሳወቁ በላይ የሌለውንም አሳወቀ። በሩቅ የሚኖር ምሁር ዝርዝሩን አይቶ የጎደለውን ሊጠቁም፣ ለጋሹም ምን ቢሰጥ እንደሚጠቅም ሊያውቅ ቻለ።

የ1610 ስምምነት

ከሁሉ የበለጠ ዘላቂ ውጤት ያስገኘው ሐሳብ የመነጨው ከመሥራቹ ሳይሆን ከዐቃቤ መጻሕፍቱ ነበር። በእንግሊዝ የመጻሕፍት ኅትመትና ሽያጭ የሚመራው በለንደኑ የአታሚዎችና የመጽሐፍ ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ጄምስ የማኅበሩ አባላት ከሚያሳትሙት አዲስ መጽሐፍ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ለኦክስፎርድ በነጻ እንዲሰጡ ቢጠየቁ መልካም እንደሆነ አሳሰበ። ቦድሊ ሐሳቡን ተቀብሎ ድርድሩን በራሱ መራ፤ በ1610 መጨረሻም ስምምነቱ ተፈረመ። በአጸፋው አባላቱ መጽሐፍን እንደገና ለማሳተም ሲፈልጉ በቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ቅጂ መጠቀም ተፈቀደላቸው። ቦድሊም ለማኅበሩ 50 ፓውንድ የሚያወጣ የብር ዕቃ አበረከተ።

አታሚዎቹ ግዴታቸውን ሁልጊዜ አላከበሩም፤ ቤተ መጻሕፍቱም ቅጂዎቹን ለማግኘት ደጋግሞ መወትወት ነበረበት። ቢሆንም መርሑ ጸንቶ በ1637 በመንግሥት ትእዛዝ፣ በ1662 በሕግ ተደገፈ፤ በ1710 ከወጣው የደራሲያን መብት ሕግ ጋርም ተያያዘ። በዚህ መንገድ አንድ ዐቃቤ መጻሕፍት ያቀረበው የግዥ አስተያየት የአንድ አገር የመጻሕፍት ተቀማጭ ሥርዓት ሥር ሆነ።

እምቢታው

ስምምነቱ ወዲያው ያልታሰበ ችግር አስከተለ። ማኅበሩ የሚልከው መጽሐፍ ምርጫ የሌለበት ነበር። ከሥነ መለኮትና ከሕግ ድርሳናት ጋር የዘመን መቁጠሪያዎች፣ የመንግሥት ዐዋጆች፣ በለንደን ቴአትር ቤቶች የሚታዩ ተውኔቶችና በሳንቲም የሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት ተከምረው መጡ። ጄምስ እነዚህንም የማስቀመጥ ዝንባሌ አሳየ። ቦድሊ ግን በ1612 መጀመሪያ በጻፋቸው ደብዳቤዎች አጥብቆ ተቃወመ።

የተቃውሞው ምክንያቶች በጥሞና ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቀጭን መጽሐፍ መጠረዝ፣ መመዝገብና ቦታ ማግኘት አለበት፤ ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ነው። ሁለተኛ፣ ከተውኔቶቹ መካከል ሊቀመጥ የሚገባው ከአርባ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ያምን ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በማይረባ ነገር ተሞልቷል የሚል ወሬ ከተነሣ የተቋሙ ስም ይጎድፋል፣ ለጋሾችም ይሸሻሉ። የውጭ አገር ሰዎች በየቋንቋቸው የጻፏቸው ተውኔቶች ለቋንቋ ትምህርትና ለጥበብ ሊጠቅሙ እንደሚችሉ ግን አልካደም። ንቀቱ ያረፈው በገዛ አገሩ ቋንቋ በተጻፈው የዕለት ንባብ ላይ ነበር።

የዘመኑ ሁኔታ ፍርዱን ለመረዳት ይረዳል። በ1612 ተውኔት የመዝናኛ ሥራ እንጂ የጥናት ጉዳይ አልነበረም፤ አንድም የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ እንግሊዝኛ ተውኔት አያስተምርም ነበር። በነባር የትምህርት ክፍሎች ፍላጎት ብቻ የሚመራ ማንኛውም መራጭ ከቦድሊ የተለየ ውሳኔ ሊሰጥ ይችል ነበር ማለት ያስቸግራል። ይሁንና ያው ሰው ማንም የማያነበውን የቻይንኛ መጽሐፍ በክብር አስቀምጧል። የሩቁ እንግዳ ነገር የወደፊት ዋጋ እንደሚኖረው ታየው፤ በደጁ የሚሸጠው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጽሑፍ ግን አንድ ቀን የምርምር ምንጭ ሊሆን እንደሚችል አልታየውም።

ሞትና ኑዛዜ

ቦድሊ በ1604 ከንጉሥ ጄምስ አንደኛ የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። መጻሕፍቱ በመብዛታቸው በ1610 የአዳራሹን ማስፋፊያ አስጀመረ፤ በ1612ም ተፈጸመ። ለዘለቄታው የሚሆን ገቢ እንዲኖርም በሜይደንሄድ አጠገብ ርስት፣ በለንደን ደግሞ የሚከራዩ ቤቶች ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ። ባለቤቱ አን በ1611 አረፈች። እሱም ረዘም ላለ ጊዜ ከታመመ በኋላ ጃንዋሪ 28 ቀን 1613 በለንደን ሞተ። አስከሬኑ ወደ ኦክስፎርድ ተወስዶ በሜርተን ኮሌጅ ጸሎት ቤት ተቀበረ፤ የመቃብር ሐውልቱ ዓምዶችም በተደራረቡ መጻሕፍት አምሳል ተቀረጹ።

ኑዛዜው ሲከፈት አብዛኛው ሀብቱ ለቤተ መጻሕፍቱ መዋሉ ታወቀ። ዘመዶቹና አንዳንድ የቅርብ ወዳጆቹ ለሥጋ ዘመድና ለአገልጋይ የተተወው እጅግ አነስተኛ ነው ብለው አጉረመረሙ። መጽሐፍ ከቤቱ ወጥቶ ለማንም እንዳይዋስ የደነገገው ጥብቅ ሕግ ከሞተ በኋላም ተከብሯል፤ በ1645 ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ፣ በ1654 ደግሞ ኦሊቨር ክሮምዌል መጽሐፍ ለመዋስ ጠይቀው ሁለቱም ተከልክለዋል።

ከመሥራቹ በኋላ

የቦድሊ ፍርድ በጊዜ ሲመዘን የታየው ውጤት ድብልቅ ነው። በ1623 የታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች የመጀመሪያ ስብስብ በማኅበሩ ስምምነት መሠረት ለኦክስፎርድ በነጻ ደረሰ፤ ተጠርዞም በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በአዲስ እትም የተተካን መጽሐፍ ማስወገድ የተለመደ ስለነበር ግን፣ በ1660ዎቹ ሦስተኛው እትም ሲገባ የመጀመሪያው ቅጂ ከቤቱ ወጣ። ቅጂው በ1905 በአንድ ቤተሰብ እጅ ሲገኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከአሜሪካዊ ሰብሳቢ ጋር ተፎካክሮ በ1906 በሕዝብ መዋጮ በ3000 ፓውንድ መልሶ ገዛው። በነጻ የመጣ መጽሐፍ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የተከፈለበት ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ቦድሊ ያልፈቀዳቸው የተውኔትና የተራ ንባብ መጻሕፍትም ከደጁ ርቀው አልቀሩም። የሜላንኮሊን ምንነት በመረመረበት ድርሳኑ የታወቀው ሮበርት በርተን በ1640 ሲሞት መጻሕፍቱን በኑዛዜ ለቤተ መጻሕፍቱ ተወ፤ ከእነሱም መካከል ብዙ የእንግሊዝኛ ተውኔቶችና የቀልድ መጻሕፍት ነበሩ። የዘመኑ ዐቃቤ መጻሕፍት ጆን ራውስ የጎደለውን መርጦ አስገባ። የሼክስፒር ተመራማሪ የነበረው የኤድመንድ ማሎን ሰፊ የተውኔት ስብስብም በ1821 ገባ። ቦድሊ ለግዥው የከለከለውን፣ ቦድሊ ራሱ የከፈተው የስጦታ በር አስገባው።

ጄምስ በበኩሉ ሥራውን በ1620 ቢለቅም ስለ ምርጫ ማሰቡን አልተወም። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ካታሎግ ስብስቡ ወደ 16 ሺህ ማደጉን ያሳያል። በ1627 ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን ያገደቻቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ለቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎት እንዲውል አድርጎ አሳተመ። ለአንዱ ወገን የእገዳ መዝገብ የሆነው ጽሑፍ ለጄምስ ተፈልገው ሊገኙ የሚገባቸው መጻሕፍት መጠቆሚያ ነበር። በ1550 በሃይማኖት ፍርድ ባዶ በቀረ አዳራሽ ውስጥ፣ የሌላ ሃይማኖት ፍርድ ለግዥ መመሪያ ሆነ።

የቻይንኛ መጻሕፍቱም አንባቢያቸውን አገኙ። በ1687 ሼን ፉዞንግ የተባለ ቻይናዊ ክርስቲያን ወደ ኦክስፎርድ መጥቶ ከዐቃቤ መጻሕፍቱ ከቶማስ ሃይድ ጋር በመሥራት የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት አስረዳ። በግዥውና በመጀመሪያው ንባብ መካከል ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ቦድሊ ለሴም ቋንቋዎች የሰጠው ቦታ ለኢትዮጵያ ጥናትም ፍሬ አፍርቷል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው ከተመለሰው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለዚህ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ በኦክስፎርድ የዕብራይስጥ ሊቅ የነበረው ሪቻርድ ሎረንስ ከዚሁ ቅጂ የተረጐመው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 ታተመ። የብሩስ የብራና ስብስብ በ1843 ተገዛ፤ አውጉስት ዲልማን ያዘጋጀው የግእዝ ብራናዎች ካታሎግም በ1848 ወጣ። በአውሮፓ ሙሉ ቃሉ ጠፍቶ የነበረ መጽሐፍ፣ በኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅ ተጠብቆ ከቆየ በኋላ፣ ለምሥራቅ ቋንቋዎች ቀድሞ ቦታ በተዘጋጀለት ቤት ለአውሮፓ ተመራማሪዎች ተከፈተ።

ማጠቃለያ

የቦድሊ ሕይወት የሚያሳየው አንድ መራጭ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን የመጪውን ትውልድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊያውቅ እንደማይችል ነው። ቦድሊ ራሱን ከዚህ ድክመት ያዳነው፣ ምናልባትም ሳያስበው፣ ምርጫውን ለብዙ ወገኖች በማካፈሉ ነው። ዐቃቤ መጻሕፍቱ የጎደለውን ይጠቁማል፤ ለጋሹ በራሱ ፍላጎት ይሰጣል፤ ወኪሉ ከገበያ ያገኘውን ያመጣል፤ አታሚው ያተመውን ሁሉ ይልካል፤ የታተመው ካታሎግ ደግሞ ሩቅ ያለውን ምሁር ያሳትፋል። ከእነዚህ አንዱ የዘጋውን መንገድ ሌላው ከፍቷል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሰነድ ጉዳይ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የገዙትን ይመዘግባሉ፤ ያልገዙትንና ያልገዙበትን ምክንያት ግን አይመዘግቡም። ቦድሊ እምቢታውን ከነምክንያቱ በደብዳቤ ስላሰፈረ፣ ተመራማሪዎች ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ፍርዱን መመርመር፣ ትክክሉንና ስሕተቱን መለየት ችለዋል። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚቀርብ የግዥ አስተያየት ተቀባይነት ቢያገኝም ባያገኝም ከተሰጠው መልስ ጋር ተመዝግቦ መቀመጥ እንደሚገባው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ተቀባይነት ያጣው አስተያየት ቢያንስ ለሚቀጥለው መራጭ ይደርሰዋልና።